ልጄ በሆኪ አብዷል፣ እኔ ከአርሴናል ሌላ አላውቅም

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። የ11 ዓመት ልጄ በአይስ ሆኪ አብዷል። ጓደኛው ቤት ሄዶ የሆኪ ጌም ሲጫወት ይውላል። እኔ ከአርሴናል ሌላ አላውቅም። ባለፈው "ዱላ ይዞ በረዶ ላይ መንሸራተት ምኑ ስፖርት ነው?" ብዬው ከዚያ ወዲህ ስለ ሆኪ ትንፍሽ አይልም። ሕጉን ላጥና ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። አሁን ደግሞ ጌሚንግ ኮምፒውተር ግዛልኝ ይላል፤ ዋጋው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ቡድን ውስጥ ልግባም ብሏል። እናቱ አጥንቱ ይሰበራል ብላ ፈርታለች። እኔን የሚያስጨንቀኝ ነጮች መሃል ብቻውን መሆኑ ነው። አንተ ጌሙንም፣ ኮምፒውተሩንም፣ ፊልሙንም፣ ሆኪውንም እንደምትወድ አውቃለሁ። ከየት ልጀምር? ቡድኑን እወደዋለሁ ብዬ ላስመስል?

ግራ የገባው አባት

*

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሳ። አታስመስል። የ11 ዓመት ልጅ ወዲያው ይነቃብሃል። የቡድኑን ማሊያ ለብሰህ ሶፋው ላይ ጉብ ብለህ፣ ጎል ሲገባ "አሁን ያገባው የኛ ነው?" ብትል፣ ልጁ ባንተ ፈንታ ያፍራል።

አብሮት የሚያጨበጭብ ሰው እንደሆነ አላጣም፤ ጓደኛው አለለት። ከአባቱ የሚፈልገው የሚከራከረው ሰው ነው። ስለዚህ አስተያየት ይኑርህ። ከልብህ የምትሟገትለት የራስህ አስተያየት። ስህተት ቢሆን ግድ የለም። እንዲያውም ይሻላል፤ ልጅህ ሊያርምህ ሲል አፉን ይከፍታል።

አንተ ራስህ የአርሴናል ደጋፊ የሆንከው እንዴት ነው? ማንም አስቀምጦ የኦፍሳይድ ሕግ እንዳላስተማረህ እርግጠኛ ነኝ። እንደምገምተው አንዱ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበህ ተቀምጠህ ነበር። ከኋላህ አንዱ ማንቼ "አጥቂ ማለት ቫን ኒስትሮይ ነው" አለ። አንተም ደምህ ፈልቶ "ሄንሪ እያለ?" ብለህ ዞርክ። ዕውቀቱ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ለመርታት ስትል ነው። የሆኪው ሕግ ያስተኛህም ለዚህ ይመስለኛል። የሚሟገትበት ነገር ሳይኖረው ሕግ የሚያነብ ሰው ቢተኛ አይፈረድበትም።

ለክርክር የሚበቃህን ያህል እኔ ልንገርህ። በየቡድኑ አንድ በረኛና አምስት ተጫዋች በረዶው ላይ አለ። ጨዋታው ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ነው። ፊሽካ ሲነፋ ሰዓቱም ስለሚቆም ተኝቶ እግሩን ይዞ ሰዓት የሚገድል የለም። ኦፍሳይድ አለ፣ ግን የሚለካው በረዶው ላይ በተሰመረ ሰማያዊ መስመር ነው። ፓኳ (በዱላ የሚመቷት የጎማ ኳስ መሳይ) መስመሩን ሳታልፍ አጥቂው ቀድሞ መግባት አይችልም። የሚታየውም ጫማው ያለበት ቦታ ነው፤ በብብት ኦፍሳይድ ጎል አይሰረዝም። አይሲንግ የሚሉት ደግሞ ጨንቆት ዝም ብሎ የሚጠልዝ ተከላካይን የሚቀጣ ሕግ ነው። ከመሃል መስመር ወዲህ ሆነህ ፓኳን እስከ ተቃራኒው ጎል መስመር ማዶ ከላክሃት ጨዋታው ይቆምና አንተው ጎል አጠገብ ይጀመራል። ቀለል ያለ ጥፋት የሠራ ሰው ሁለት ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቡድኑ በአራት ይጫወታል። ይህችን ሁለት ደቂቃ ተጋጣሚው ፓወር ፕሌይ ይላታል። በቃ፣ የቀረውን ልጅህ ይንገርህ።

ስታይ ግን ፓኳን በዓይንህ ለማሳደድ አትታገል። ከ156 እስከ 170 ግራም የምትመዝን የጎማ ቁራጭ ነች። እንዳትነጥር ከጨዋታ በፊት ያቀዘቅዟታል፤ ለጀማሪ ዓይን አትያዝም። ይልቅ ተቀያሪዎቹ የተቀመጡበትን እይ። ተጫዋቾቹ 45 ሰከንድ አካባቢ ያለ የሌለ ኃይላቸውን አውጥተው ይሮጡና አጥሩን ዘለው ይወጣሉ። ሌሎቹ በዚያው ቅጽበት ዘለው ይገባሉ። ጨዋታው አይቆም፣ ዳኛው አያስፈቅድ፣ ሰሌዳ የሚያነሳ የለ። የወጣው ልጅ ጭንቅላቱን ደፍቶ ትንፋሹን ይሰበስብና ብዙም ሳይቆይ ተራው ደርሶ ይነሳል። ያንን አምስት ጊዜ ካየህ በኋላ "ምኑ ስፖርት ነው" የምትል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጠቡ እንግባ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሆኪ ውስጥ የዘመኑ ትልቁ ሙግት ግሬትስኪ ነው ኦቬችኪን የሚለው ነው። ዌይን ግሬትስኪ በ1999 ጫማ ሲሰቅል 894 ጎል አስቆጥሮ ነበር። ማንም አይደርስበትም ሲባል ኖረ። ኤፕሪል 6 ቀን 2025 የዋሽንግተኑ ሩሲያዊ አሌክስ ኦቬችኪን 895ኛዋን አገባ። ልጅህ ይህን በዓይኑ ያየ ትውልድ ነው፤ ኦቬችኪን ይላል ብዬ እገምታለሁ። አንተ ግሬትስኪን ያዝ።

መሣሪያህ ይኸውልህ። ሆኪ ውስጥ ጎልም ለጎል ማቀበልም እኩል አንድ አንድ ነጥብ ያስገኛሉ። ግሬትስኪ ያቀበለው ብቻ 1,963 ነው። በጠቅላላ ነጥብ ከታሪክ ሁለተኛ የሆነው ያሮሚር ያገር ጎሎቹ ሁሉ ተደምረውለት 1,921 ነው ያለው። ምን ማለት ነው? ግሬትስኪ በሕይወቱ አንድም ጎል ባያገባ እንኳ አንደኛነቱን የሚወስድበት የለም። ይህን በለውና ፊቱን እይ።

ልጁም ዝም አይልም። "ያኔ እኮ የበረኞቹ መከላከያ ትንሽ ነበር፣ ጎል እንደ ጉድ ነበር የሚገባው" ይልሃል። እውነቱን ነው። የዛሬው በረኛ ግዙፍ ነው፤ ተንበርክኮ እግሩን ዘርግቶ የጎሉን ታች በሙሉ ይዘጋል። ኦቬችኪን ያን ሁሉ ጎል ያገባው እንዲህ ባሉ በረኞች ላይ ነው። እኔ ግን አሁንም ግሬትስኪ ባይ ነኝ። ሰውየው ከጎሉ ጀርባ ቆሞ ነበር የሚጫወተው። ቦታውን "የግሬትስኪ ቢሮ" ነበር የሚሉት። ተከላካዩ ወደ እሱ ቢሄድ ፊት ለፊት ያለው አጥቂ ነፃ ይሆናል፣ ባይሄድ ግሬትስኪ ጊዜ ያገኛል። ቤርካምፕን ያየ የአርሴናል ሰው ይህ ካልገባው ለማን ይግባው?

ሁለተኛው ርዕስ ቡጢው ነው። ኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ) ውስጥ ሁለት ተጫዋቾች ጓንታቸውን ጥለው ቢቧቀሱ አምስት አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ይመለሳሉ። ኦሊምፒክ ላይ ግን ይባረራሉ። የቡጢው ደጋፊዎች "ኮከቦቹን ከጉልበተኛ የሚጠብቀው እሱ ነው" ይላሉ። እኔ ይቅር ባይ ነኝ። ኦሊምፒክ ላይ ያለ ቡጢ የሚታየው ሆኪ ከሁሉም የሚያምረው ነው። አንተ የፈለግከውን ወገን ያዝ። ብቻ መሃል ላይ ቆመህ "ሁለቱም እውነት አላቸው" አትበል፤ እንደዚያ ያለ ሰው ለክርክር አይሆንም።

ጌሙና ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ የምነግርህ ያስቅሃል። ልጅህ ጓደኛው ቤት የሚጫወተው ኢኤ የሚባለው ድርጅት የሚሠራው የሆኪ ጌም ከሆነ፣ ያ ጌም በ2008 ከወጣው ኤንኤችኤል 09 ወዲህ ለኮምፒውተር አልተሠራም። የሚሠራው ለፕሌይስቴሽንና ለኤክስቦክስ ነው። ከኤንኤችኤል 25 ጀምሮ ደግሞ ፕሌይስቴሽን 5 ወይም አዲሱ ኤክስቦክስ ሲሪስ ከሌለህ አይሆንም። ስለዚህ ያ የ1,000 ዶላር ኮምፒውተር ለሆኪ አይደለም። ልጅህ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። ለየትኛው ጌም እንደፈለገው ሳትቆጣ ጠይቀው።

ሆኪው ከሆነ የፈለገው፣ ያገለገለ ኮንሶልና ያለፈው ዓመት እትም ይበቃል። በእኔ ግምት ከዓመት ዓመት በዋናነት የሚለወጠው የተጫዋቾቹ ስም ዝርዝር ነው፤ ለዚያ ሙሉ ዋጋ መክፈል ሞኝነት ነው። አንድ ነገር ግን አደራ። ጌሙ ውስጥ አልቲሜት ቲም የሚባል ክፍል አለ። ምን እንደሚወጣልህ ሳታውቅ በእውነተኛ ገንዘብ የተጫዋች ካርድ ጥቅል ትገዛለህ። በ2018 የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ የዚያው ድርጅት የእግር ኳስ ጌም ውስጥ ያለውን ተመሳሳይ ጥቅል ከቁማር ቆጥሮታል። እኔም ከቁማር ነው የምቆጥረው። የባንክ ካርድህን አካውንቱ ላይ አታስቀምጥ።

ከዚያ አብረኸው ተጫወት። ዘጠኝ ለዜሮ ይቀጥቅጥህ። ያስቸገረህ የቀኙ ዘንግ ከሆነ (ዱላው የሚንቀሳቀሰውም የሚመታውም በእሱ ነው)፣ ቅርብ ጊዜ በወጡት እትሞች ሴቲንግ ውስጥ የ94ቱ የሚባል ቀላል አያያዝ አለ። አንዱ ቁልፍ ማቀበያ፣ አንዱ መምቻ። ስሙ የመጣው በ1993 ለሴጋና ለሱፐር ኒንቴንዶ ከወጣው ኤንኤችኤል 94 ነው። በእኔ እምነት ከዚያ ወዲህ የተሻለ የሆኪ ጌም አልተሠራም። የመጣውን ፓስ ሳታቆም በቀጥታ የመምታቱ ነገር የገባው በእሱ ነው፤ ያ ብቻውን ጌሙን ሕይወት ዘራበት። ሌላም ልንገርህ። ከእሱ በፊት በነበረው እትም ቡጢ ነበር። በ94ቱ ወጣ። ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያነሳው የትኛውን ነው? ቡጢ የሌለበትን! ልጅህ "ቡጢ ከሌለ ሆኪ አይደለም" ካለህ ይህን ምዘዝለት።

ኮምፒውተሩን ለራሱ ለኮምፒውተሩ ከፈለገው ደግሞ እሰየው። ግን የሚያብለጨልጭ ጌሚንግ ላፕቶፕ አትግዛ። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ፈልግ። ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ድጋፉ ስላበቃ፣ ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ከዚያ በታች ያለው ዊንዶውስ 11ን በደንቡ አይቀበልም። ሲያሳዩህ ቀጭኗን ሳጥን አትውሰድ። ታምራለች፣ ግን ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አይገባባትም፣ የኃይል ማደያዋም አቅም የለውም። ትልቁን ቁም ሳጥን መሳይ ውሰድ። ቤት ስትደርሱ ክዳኑን ልጁ ይፍታው፣ ሚሞሪውን ልጁ ይጨምር። እዚያ ላይ የ2004ቱ የሆኪ እትም ይሠራለታል። ደጋፊዎች እስከ ዛሬ የተጫዋቾቹን ስምና ማሊያ እየለወጡ በሕይወት ያቆዩት ጌም ነው። አንድ ቀን የራሱን ስም አስገብቶ ካየኸው ገንዘብህ የት እንደገባ ይገባሃል።

ፊልም ካልክ ሚራክል ይባላል፣ በ2004 የወጣ ነው። የናንተው ሰፈር ታሪክ ነው። አሰልጣኙ ኸርብ ብሩክስ የሴይንት ፖል ልጅ ነበር፤ በ1980 ለሌክ ፕላሲድ ኦሊምፒክ ከመረጣቸው 20 ተጫዋቾች 12ቱ የሚኒሶታ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ከኮሌጅ የተለቀሙ ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት ተከታታይ አራት ኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደች አገር ነበረች። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው በወዳጅነት ጨዋታ 10 ለ 3 ቀጥታቸዋለች። ከዚያ ፌብሩዋሪ 22 ቀን ልጆቹ 4 ለ 3 አሸነፉ። ከሁለት ቀን በኋላ ፊንላንድን 4 ለ 2 ረትተው ወርቁን ወሰዱ።

አንተ የምትወዳት ቦታ የኖርዌዩዋ ትሆናለች። ቡድኑ ከኖርዌይ ጋር በወዳጅነት 3 ለ 3 ይወጣል፤ ልጆቹ ዳር ተቀምጠው ሴቶች ያያሉ። ብሩክስ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ መልበሻ አያስገባቸውም። ፊሽካ፣ ሩጫ። ፊሽካ፣ ሩጫ። ከመስመር መስመር ደርሶ መመለስ። የአዳራሹ ሠራተኛ መብራት ያጠፋል፤ በጨለማ ይቀጥላሉ። በእውነትም ሆኗል። አገር ቤት እንደዚህ ያለ የስፖርት አስተማሪ ያልነበረው ማን አለ? ሰውየው ራሱ ከ1960ው የኦሊምፒክ ቡድን የተቀነሰው ውድድሩ አፋፍ ላይ ሲደርስ ነው። ቡድኑ ያለ እሱ ሄዶ ወርቅ ይዞ ተመለሰ። ይህን ይዘህ ስታይ ፊሽካዋ ሌላ ድምፅ ይኖራታል።

በፊልሙ ግን ቅሬታ አለኝ። ሶቪየቶቹን ፊት የሌላቸው ግድግዳ አድርጓቸዋል። እነሱ እኮ ነበሩ ሆኪን እንደ ውብ ነገር የሚጫወቱት። ፓስ፣ ፓስ፣ ፓስ፣ ከዚያ ባዶ ጎል። ቬንገር ሆኪ አሰልጥኖ ቢሆን እንደነሱ ነበር የሚያጫውተው። ስለነሱ ሬድ አርሚ የሚል በ2014 የወጣ ዘጋቢ ፊልም አለ። ሁለቱን በተከታታይ እዩና "እኔ ለሶቪየቶቹ ነው ያዘንኩት" በለው። ሚኒሶታ ውስጥ፣ በገዛ ሳሎንህ፣ ይህን የሚል አባት! ያን ዕለት ማታ በሰዓቱ አይተኛም።

ቀለል ያለ ከፈለጋችሁ ዘ ማይቲ ደክስ አለ፣ የ1992። ታሪኩ ሚኒያፖሊስ ነው። ዲዝኒ ፊልሙ ሲሠምርለት በዓመቱ አናሃይም ላይ በዚሁ ስም እውነተኛ የኤንኤችኤል ቡድን አቋቋመ። ልጆቹ በቪ ቅርጽ ተሰልፈው የሚያጠቁበት ቦታ ሲደርስ "ይህ እኮ ይሠራል" ብለህ ድርቅ በል። ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይመጣል።

ለእናቱ ይህን ንገርልኝ። ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም፣ ሆኪ ያጋጫል። ነገር ግን የአሜሪካ ሆኪ ማኅበር ከ2011 ወዲህ 12 ዓመትና ከዚያ በታች በሆነው ምድብ ሆን ብሎ በሰውነት መግጨትን ከልክሏል። የሚፈቀደው ከዚያ በላይ ባለው ምድብ ነው። እስከዚያ ልጁ መንሸራተትና መውደቅ ይማራል። ዕቃው ውድ ስለሆነ ያገለገለ ግዙ፤ ጫማም፣ የትከሻ መከላከያም፣ ዱላም ያገለገለ ቢሆን ችግር የለውም። የራስ ቁሩ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከኋላ የማረጋገጫ ስቲከር አለው፣ የሚያበቃበትም ቀን አለው። ጊዜው ያለፈበትን ወይም የተሰነጠቀውን በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ብቸኝነቱን በተመለከተ አልዋሽህም። ሆኪ ዛሬም በአብዛኛው የነጮች ጨዋታ ነው። ልጅህ በቡድኑ ውስጥ ብቸኛው ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ክፉ ቃል የሚሰማበት ቀንም ሊመጣ ይችላል። ያ ቀን ሲመጣ መጀመሪያ የሚነግረው ላንተ እንዲሆን ከአሁኑ ስለ ሆኪ የምታወሩ ሰዎች መሆን አለባችሁ። መንገዱን የጠረጉም አሉ። ዊሊ ኦሪ ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 ለቦስተን ሲሰለፍ በኤንኤችኤል የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፤ አንድ ዓይኑ አያይም ነበር፣ እንዳያባርሩት ደብቆ ተጫወተ። ግራንት ፉር የካናዳው ኤድመንተን በረኛ ሆኖ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ደረበ። ኤድመንተን አጠገብ ሴይንት አልበርት ውስጥ ያደገ፣ አባቱ ከናይጄሪያ የመጣ አንድ ልጅ ፉርን እያየ መጀመሪያ በረኛ ሆነ፤ ኋላ አጥቂነት ተሻለው። ጃሮም ኢጊንላ ይባላል። 625 ጎል አለው። በ2010 ቫንኩቨር ኦሊምፒክ ፍጻሜ ለካናዳው ኮከብ ክሮዝቢ የወርቋን ጎል ያቀበለው እሱ ነው። (እግረ መንገዴን፦ በዚያው ኦሊምፒክ የኛው ሮቤል ተክለማርያምም ነበር። በ2006 ቱሪን ላይ በስኪ ተወዳድሮ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ያስጠራ ሰው ነው።)

የኢጊንላን ታሪክ ግን እንደ ምክር አስቀምጠህ አታስተምረው። እራት ላይ "ኢጊንላ ከኦቬችኪን የተሻለ አጥቂ ነበር" ብለህ ጣል አድርግ። አይደለም፣ ኦቬችኪን ይበልጣል። ቢሆንም ቶሎ እጅ አትስጥ።